የቤታችሁን ሙዚቃ በዋይፋይ ወደ ሳሎን፣ መኝታ ቤትና ማድቤት ቴፕ እኩል መላክ (ያለ ኢንተርኔት)

እማዬ ቤት ሶስት ቴፕ አለ። አንዱ ሳሎን ያለው ትልቁ ባለ ሁለት ዴክ፣ አንዱ ወንድሜ ክፍል ያለ ሚኒ ሲስተም፣ አንዷ ደሞ ማድቤት ቡና ሲፈላ ምትከፈት ራዲዮ ቴፕ። ሙዚቃው ግን ተበታትኗል፣ ግማሹ ፍላሽ ላይ ግማሹ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ግማሹ ካሴት፣ በየበዓሉ "ያ ፍላሽ የታለ" እየተባለ ቤቱ ይታመሳል። አምና ለፋሲካ ሁሉንም አንድ ቦታ ሰብስቤ በቤቱ ዋይፋይ ወደ ሶስቱም እንዲሄድ አደረኩት። አሁን ስልክ ላይ አንዴ ሲነካ ሶስቱም ክፍል እኩል አንድ ዘፈን ይጫወታል፣ ካልተፈለገ ደሞ እማዬ ማድቤት መዝሙሯን ወንድሜ ክፍሉ ውስጥ የራሱን። እንዴት እንደሰራሁት ሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንለይ፣ ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። እኛ ጋ "ዋይፋይ የለም" ሲባል ኢንተርኔት ጠፋ ማለት ነው፣ ራውተሩ ግን መብራት እስካለው ድረስ ቤት ውስጥ ያሉትን እቃዎች እርስ በርስ ማገናኘቱን አያቆምም፣ መስመሩ ከውጪ ቢቆረጥም ክፍያ ባይከፈልም። እዚህ ምንሰራው ነገር በሙሉ ከራውተሩና ከግድግዳችሁ አያልፍም። ኢንተርኔት ሚያስፈልጋችሁ ሶፍትዌሮቹን ምታወርዱ ቀን ነው፣ ከዛ በኋላ አንድ ሜጋባይት አይበላም።

ብሉቱዝ እያለ ምን ያስለፋል ለምትሉ፦ ብሉቱዝ ባብዛኛው ከአንድ ስልክ ወደ አንድ ስፒከር ነው፣ 10 ሜትር አካባቢ ሄዶ ሁለተኛው ግድግዳ ላይ ይደክማል፣ ስልክ ሲደወል ዘፈኑ ይቆማል፣ ስልኩን ይዛችሁ ሱቅ ስትወጡ ሙዚቃውም አብሯችሁ ይወጣል። በዚህኛው አሰራር ስልኩ ሪሞት ብቻ ነው፣ ባትሪው ቢያልቅ እንኳ ዘፈኑ ይቀጥላል።

ነገሩ ሶስት አካል ነው ያለው። ሙዚቃውን ይዞ ሚያድለው ሰርቨር፣ በየክፍሉ ተቀብሎ ለቴፑ ሚሰጠው ፕሌየር፣ እና ማዘዣው ስልክ። ሰርቨሩን ጀበና ፕሌየሮቹን ሲኒ አድርጋችሁ አስቡት፣ ይሄ ምሳሌ በኋላ ዋይፋዩ ጋ ስንደርስ ይጠቅመናል።

ሰርቨሩ

እኔ ምጠቀመው ሊሪዮን ሚውዚክ ሰርቨር ሚባለውን ነው፣ ነፃ ነው። የጀመረው ስሊም ዲቫይስስ ሚባል ትንሽ የአሜሪካ ኩባንያ ነው፣ በፈረንጅ 2006 ሎጂቴክ ኩባንያውን ገዛውና ስኩዊዝቦክስ ሚባሉ ማጫወቻዎች እየሸጠ ቆየ፣ 2012 ላይ ማጫወቻዎቹን ተዋቸው፣ 2024 ላይ ደሞ ኢንተርኔት ላይ የነበረውን አገልግሎትም ዘጋው። ቤቱ ሰርቨር የጫነ ሰው ግን ዘፈኑ አልቆመበትም፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ኮዱ ክፍት ነው፣ የሚሰራውም እናንተው ቤት ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ሰዎች ሊሪዮን ብለው ስም ቀይረው ይኸው እስካሁን ያሳድሱታል። ውድ የሆኑትን ዝግ ሲስተሞች እንዳልገዛ ያደረገኝ ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ኩባንያው ሃሳቡን ሲቀይር እቃችሁ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ለሰርቨር አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ስክሪኑ የተሰበረ ኪቦርዱ ግማሹ ማይሰራ ቢሆንም ችግር የለም፣ እንዲያውም ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይሻላል፣ ባትሪው ትንሽ ከያዘ መብራት ሲጠፋ አይደነግጥም። እንዲህ ታደርጋላችሁ፦ ሙዚቃውን በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ታስገባላችሁ (እንዴት እንደሚደራጅ ከታች አለ)፣ ሊሪዮንን አውርዳችሁ ትጭናላችሁ፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ማክም ላይ ይሄዳል። ሲጀምር የሙዚቃ ፎልደሩ የት እንዳለ ይጠይቃችኋል፣ ታሳዩታላችሁ፣ ከዛ ሁሉንም ያነባል፣ ብዙ ከሆነ ቡና አፍሉ።

አሁን ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኙት፣ በላን ኬብል ማለቴ ነው፣ በዋይፋይ አይደለም። ከዛ ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ላፕቶፑ ሁሌ አንድ አይፒ (ኔትወርኩ ላይ ያለ የአድራሻ ቁጥር) እንዲይዝ አድርጉ፣ 192.168.1.50 ነው እንበል። ከዛ በኋላ የትኛውም ቤት ውስጥ ያለ ስልክ ብሮውዘር ላይ ያንን ቁጥር ጽፋችሁ፣ በእንግሊዝኛ ሚጻፈውን ሁለት ነጥብ አድርጋችሁ፣ 9000 ብትሉ የሰርቨሩ ገፅ ይመጣል። ካልመጣ ከአስር ዘጠኙ ጊዜ ጥፋቱ የዊንዶውስ ፋየርዎል (ከሌላ እቃ ሚመጣውን ግንኙነት ሚከለክለው ጠባቂ) ነው፣ 9000 እና 3483 ሚባሉትን ፖርቶች (በሮች በሏቸው) ክፈቱለት፣ 3483ን በቲሲፒም በዩዲፒም። ኔትወርኩንም ፐብሊክ ሳይሆን ፕራይቬት በሉት። በተረፈ ላፕቶፑ እንዳይተኛ ስሊፕ ሚለውን አጥፉ፣ ክዳኑ ሲዘጋም ምንም እንዳያደርግ። እኔ ይሄን ረስቼ ሁለት ቀን ሙሉ ዋይፋዩን ስወቅስ ነበር።

ለስልክ አንድሮይድ ከሆነ ስኩዊዘር ሚባል ነፃ አፕ አለ። እኔ ግን ሰርቨሩ ላይ ማቴሪያል ስኪን ሚባለውን ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ጭኜ በብሮውዘር ነው ምጠቀመው፣ መልኩም ያምራል፣ ለእንግዳ ስልክም አፕ ጫን አይባልም።

ሙዚቃውን ማደራጀት (ዋናው ልፋት እዚህ ጋ ነው)

ቴክኒኩ ግማሽ ቀን ነው፣ ይሄ ግን ሳምንታት ይበላል። ሰርቨሩ ሚያየው የፋይሉን ስም ሳይሆን ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን መረጃ ነው፣ ታግ ሚባለውን፣ የዘፋኝ ስም፣ አልበም፣ የትራክ ቁጥር። የኛ ሙዚቃ ደሞ ታጉ ጉድ ነው። ከሙዚቃ ቤት በፍላሽ ያስጫናችሁት ሁሉ "ትራክ 01"፣ "አንኖውን አርቲስት" ወይ ደሞ የጫነው ሰው ስልክ ቁጥር ነው ያለበት።

ከዛ ደሞ የፊደላችን ጉዳይ አለ። ጥላሁን ገሠሠ ብሎ የጻፈ አለ፣ ጥላሁን ገሰሰ ብሎ የጻፈ አለ፣ ለኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ዘፋኞች ናቸው። ሠ እና ሰ፣ ሐ እና ሀ፣ ጸ እና ፀ፣ ዐ እና አ ያለበት ስም ሁሉ ለሁለት ይከፈላል። በላቲን ፊደል የተጻፈው ደሞ የባሰ ነው፣ እኔ ጋ ጥላሁን ብቻውን ሰባት ቦታ ተከፋፍሎ ነበር። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ፣ ወይ ሁሉንም በግዕዝ ፊደል ወይ ሁሉንም በላቲን፣ አንዱን አጻጻፍ ወረቀት ላይ ጻፉና በሱ ብቻ ሂዱ። እኔ በግዕዝ ነው ያደረኩት፣ ሰርቨሩ ዩኒኮድ (የኛንም ፊደል ሚያካትተውን የፊደል ኮድ) ስለሚያነብ ያለችግር ያሳያል። ታግ ለመቀየር ኤምፒ3ታግ ሚባለው ፕሮግራም በጣም ጥሩ ነው፣ 20 ዘፈን መርጣችሁ የዘፋኙን ስም ባንዴ ትቀይራላችሁ። ብዙ ዘፋኝ ያለበት ስብስብ ካሴት ከሆነ ደሞ አልበም አርቲስት ሚለው ቦታ ላይ ለሁሉም አንድ ነገር ሙሉ፣ "የተለያዩ ድምፃውያን" ምናምን፣ አለዚያ አንዱ ካሴት አስር ቦታ ይበተናል።

ካሴት ያላችሁ ጣሉት እንዳትሉ። የቴፑን ሄድ (ካሴቱን ሚያነበውን ክፍል) በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉ፣ ከቴፑ ላይን አውት ወይ ከሌለው ከኢርፎን ቀዳዳው ወደ ኮምፒውተሩ ላይን ኢን ገመድ ስቡ፣ ኦዳሲቲ ሚባል ነፃ ፕሮግራም ላይ ሪከርድ አድርጉ። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ማይነስ 6 ዲሲቤል አካባቢ ይሁን፣ ዜሮን ከነካ ይቆራረጣል ወደ ኋላ ማይስተካከል ነው። 44.1 ኪሎኸርዝ 16 ቢት በቂ ነው፣ ካሴት ከዛ በላይ ሚሰጠው ነገር የለም። የ60 ደቂቃ ካሴት ሳይጨመቅ 600 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል፣ ፍላክ አድርጋችሁ ስታስቀምጡት ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ጥራቱ ግን ምንም አይቀንስም። ፍላክ ማለት ዚፕ እንደማድረግ በሉት፣ ኤምፒ3 ግን ከድምፁ ቆርጦ ይጥላል። ያላችሁ ኤምፒ3 ከሆነ ወደ ፍላክ አትቀይሩት፣ የተቆረጠው አይመለስም ቦታ ብቻ ይበላል።

የድሮ ካሴት ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ካዲሱ ዘፈን ጋር ሲቀላቀል አንዱ ይጮሃል አንዱ አይሰማም። ፋይሎቹ ላይ ሪፕሌይ ጌይን ሚባለውን አሰሩ፣ ፉባር ሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ያደርገዋል፣ ዘፈኑን አይነካውም፣ ምን ያህል ከፍ ዝቅ ይበል ሚል ማስታወሻ ነው ሚጽፈው፣ ሰርቨሩ ያንን አይቶ ያስተካክላል።

በየክፍሉ ሚቀመጠው ፕሌየር

ምርጡ ራስፕቤሪ ፓይ ሚባል ትንሽዬ ኮምፒውተር ነው። እዚህ እንደልብ ስለማይገኝ ከውጪ ሚመጣ ዘመድ ማስቸገር ሊኖርባችሁ ይችላል፣ ኪስ ውስጥ ሚገባ ነገር ነው። ስትገዙ የላን ቀዳዳ ያለውን፣ 3 ወይ 4 የተባለውን ምረጡ፣ መጀመሪያ ስትጭኑ በገመድ ስለምትጀምሩ ቀላል ይሆንላችኋል። 4ኛው ላይ የኢርፎን ቀዳዳ አለው፣ 5ኛው ላይ ግን አውጥተውታል እንዳትሸወዱ። የኢርፎን ቀዳዳው ድምፁ እንደነገሩ ነው፣ ለማድቤት ይበቃል። ለሳሎኑ ግን ዩኤስቢ ዳክ ግዙለት፣ ዳክ ማለት ዲጂታሉን ወደ ድምፅ ሚቀይረው ትንሽ ካርድ ነው፣ ወይም ሃይፋይቤሪ ሚባለውን ፓዩ ራስ ላይ ሚሰካውን፣ ልዩነቱን ጆሮ ይሰማል።

ፓዩ ላይ ሚጫነው ፓይኮርፕሌየር ሚባል ሲስተም ነው። ኮምፒውተር ላይ አውርዳችሁ ባሌና ኤቸር በሚባለው ፕሮግራም ሚሞሪ ካርዱ ላይ ትጽፉታላችሁ፣ ካርዱን ፓዩ ውስጥ ከታችሁ በላን ኬብል ከራውተር አገናኝታችሁ መብራት ትሰጡታላችሁ። ራውተሩ ላይ ምን አይፒ እንደያዘ አይታችሁ ብሮውዘር ላይ ትጽፋላችሁ፣ የራሱ ገፅ ይመጣል። እዛ ላይ አራት ነገር አድርጉ፦ ስኩዊዝላይት (ዘፈኑን ሚያጫውተው ፕሮግራም) ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ መውጫውን ምረጡ (ኢርፎን፣ ዩኤስቢ፣ ወይ የዳኩን ስም)፣ ስም ስጡት "ሳሎን" "ማድቤት" እያላችሁ ግን እዚህ ጋ ለጊዜው በላቲን ፊደል ጻፉት፣ ዋይፋይ ሴቲንግ ገብታችሁ የዋይፋዩን ስምና ፓስዎርድ ሙሉ፣ ሲያልቅ ባክአፕ ሚለውን ተጫኑ፣ ይቺን ከረሳችሁ ሲጠፋ ያስገባችሁት ሁሉ ይጠፋል። ገመዱን ንቀሉና ሪቡት፣ ሰርቨሩ ገፅ ላይ ፕሌየሩ በስሙ ብቅ ይላል።

አዳፕተሩ ላይ አትሰስቱ። 3ኛው 5 ቮልት 2.5 አምፔር ይፈልጋል፣ 4ኛው 3 አምፔር። በስልክ ቻርጀር አስነስቶ ዘፈኑ በየሃያ ደቂቃው ሚቆም ሰው አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ።

ፓይ ካልተገኘ አሮጌ አንድሮይድ ስልክ አለ። ኤስቢ ፕሌየር ሚባል አፕ ትጭኑበትና ከኢርፎን ቀዳዳው ወደ ቴፑ፣ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ይቀመጣል። ለብቻው ለሚጫወት ክፍል ጥሩ ነው፣ ከሌላ ክፍል ጋር እኩል ይሂድ ስትሉት ግን እንደ ፓዩ አትጠብቁት።

ከቴፑ ጋር ማገናኘት

ከፓዩ ወደ ቴፑ ከባለ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ ወደ ቀይና ነጭ ሚሄድ ገመድ፣ መርካቶ የትኛውም የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለ። ከቴፑ ጀርባ ኦክስ፣ ላይን ኢን፣ ቴፕ ኢን ወይ ሲዲ ሚለው ላይ ሰኩት። ፎኖ ሚለው ላይ እንዳትሰኩ! ፎኖ የሸክላ ማጫወቻ ነው፣ ከሸክላው መርፌ ሚመጣው ድምፅ በጣም ደካማ ስለሆነ ያችን ብዙ እጥፍ አጉልቶ ቤዙንም ከፍ አድርጎ ነው ሚያሳልፈው፣ የፓዩ ድምፅ ሲገባበት ጩኸት ነው ሚሆነው። እኔ ሰክቼ የሳሎኑ ስፒከር ጮሆ እማዬ ከማድቤት "ምን ፈነዳ!" እያለች ሮጣ መጣች።

ቴፑ ምንም መግቢያ ከሌለው በካሴት ቅርፅ የተሰራ አዳፕተር አለ፣ ካሴት ቦታው ገብቶ ገመዱ ይወጣል። ጥራቱ እንደ ካሴት ነው ግን ይሰራል።

"ህምምም" ሚል ድምፅ ከመጣ ፓዩንና ቴፑን አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩዋቸው፣ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ካልጠፋ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር ሚባል ትንሽ ነገር መሃል ላይ ይገባል።

ዋይፋዩ

ጀበናና ሲኒ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ሰርቨሩ ለያንዳንዱ ፕሌየር ለየብቻ ነው ሚቀዳው፣ ሶስት ክፍል አንድ ዘፈን ቢሰሙም ሶስት ጊዜ ይልካል። የሲዲ ጥራት ሳይጨመቅ በሰከንድ 1411 ኪሎቢት ነው፣ ፍላክ ሲሆን ከዛ ያንሳል፣ ሶስት ክፍል ሲባዛ 4 ሜጋቢት ቢደርስ ነው፣ ይሄ ለማንኛውም ራውተር ቀላል ነው። ችግር ሚመጣው ከፍጥነት ሳይሆን ከመቆራረጥ ነው። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ የጎረቤት ዋይፋይ ተደራርቧል፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ ማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው፣ በስልክ የዋይፋይ አናላይዘር አይታችሁ ሰው ያነሰበትን ምረጡ። ፓዩ ራውተሩ አጠገብ ከሆነ 5 ጊጋኸርዝ ይሻላል፣ ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ማዶ ከሆነ ግን 2.4 ይበልጣል። ሰርቨሩን በገመድ አድርጉ ያልኩት ለዚህ ነው፣ አለዚያ እያንዳንዱ ዘፈን አየር ላይ ሁለቴ ይሄዳል፣ ከሰርቨር ወደ ራውተር ከዛ ከራውተር ወደ ፕሌየር።

ፓዩ ኔትወርኩ ላይ አለ ግን ሰርቨሩን አያየውም ካላችሁ ራውተሩ ላይ ኤፒ አይሶሌሽን ወይ ክላየንት አይሶሌሽን ሚል፣ እቃዎቹ እርስ በርስ እንዳይተያዩ ሚያደርግ ነገር በርቶ ይሆናል፣ አጥፉት። የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ካገናኛችሁም እንደዛው ነው።

ሁሉም እኩል እንዲሄድ

ሰርቨሩ ገፅ ላይ አንዱን ፕሌየር መርጣችሁ ሲንክሮናይዝ ሚለው ውስጥ ሌሎቹን ትጨምራላችሁ፣ በቃ። ግን ለምን አንዳንዴ ይዛነፋል? እያንዳንዱ ፕሌየር ውስጥ ድምፁን ሚቆጥር ክሪስታል አለ፣ የሁለቱ ክሪስታል ከመቶ ሺህ 5 ያህል እንኳ ቢለያይ በሰዓት 180 ሚሊ ሰከንድ ይራራቃሉ፣ ያ ደሞ ገደል ማሚቶ ነው። ሰርቨሩ ይሄን እያየ ቀስ እያለ ያስተካክላል፣ ስለዚህ ሜንቴይን ሲንክሮናይዜሽን ሚለው በርቶ መሆኑን አረጋግጡ።

ሁለተኛው ሰርቨሩ ሊያውቀው ማይችለው መዘግየት ነው። የኔ ሳሎን ቴፕ ድምፁን በዲጂታል ስለማያቀነባብር ምንም መዘግየት የለበትም፣ የወንድሜ ሚኒ ሲስተም ግን ድምፁን ውስጡ በዲጂታል አቀነባብሮ ስለሆነ ሚያወጣው ሁሌ ወደ ኋላ ይቀራል። ልኩን ለማወቅ አንድ አጭር የጭብጨባ ድምፅ ሪከርድ አድርጋችሁ ሰርቨሩ ውስጥ አስገቡ፣ ሁለቱንም ክፍል ከፍታችሁ አጫውቱ፣ ከሁለቱም ስፒከር እኩል ርቀት ላይ ቆማችሁ በስልክ ቅዱት። ቅጂውን ኦዳሲቲ ላይ ስትከፍቱት ሁለት ጭብጨባ ታያላችሁ፣ መሃላቸው ያለው ጊዜ ነው መዘግየቱ። ያንን ቁጥር በሚሊ ሰከንድ ሚዘገየው ፕሌየር ሴቲንግ ላይ ፕሌየር ኦዲዮ ዲሌይ ሚለው ውስጥ ጻፉት። እኩል ርቀት ያልኩት ድምፅ ራሱ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሆነ ሚሄደው፣ 10 ሜትር ርቃችሁ ከቆማችሁ 29 ሚሊ ሰከንድ በተፈጥሮው ይዘገያል፣ ስለዚህ ለአምስት ለስድስት ሚሊ ሰከንድ እንቅልፍ አትጡ።

መብራት

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፣ ራውተሩ ግን ከጠፋ ሁሉም ይቆማል። ሚኒ ዩፒኤስ ሚባሉት ባለባትሪ እቃዎች፣ ለራውተር ሚሆኑት ጥሩ ናቸው፣ ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩ አዳፕተር 12 ቮልት ይሁን 9 ቮልት ጀርባውን አንብቡ። ፓዩ ግን አያሳስባችሁ፣ ፓይኮርፕሌየር ሲነሳ ራሱን ራም ላይ (ካርዱ ሳይሆን የፓዩ ጊዜያዊ ሚሞሪ) ጭኖ ስለሚሰራ ካርዱ ላይ ሁሌ አይጽፍም፣ ድንገት ቢጠፋም ካርዱ አይበላሽም፣ ሌላ ሲስተም ስጠቀም በነበረ ጊዜ በክረምት ሶስት ካርድ ነው የተቃጠለብኝ። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ቴፖቹን ስታቢላይዘር ላይ አድርጓቸው። ሙዚቃውንም ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ኮፒ አስቀምጡ፣ ካሴቱን ደግሜ ልቅዳ ምትሉበት ትዕግስት ሁለተኛ አይመጣም።

ሲያልቅ እማዬ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ማድቤት መዝሙር ራሱ እንዲከፈትላት። ሰርቨሩ ለያንዳንዱ ፕሌየር አላርም አለው፣ ቀኑን ሰዓቱን ሚከፈተውን ፎልደርና የድምፁን ልክ ትመርጣላችሁ። ብቻ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ 6:30 ብላችሁ አስገቡ፣ እኔ በመጀመሪያው ቀን 12:30 ብዬ ሞልቼው መዝሙሩ ምሳ ሰዓት ላይ ተከፈተ።